18 ዓመት ሲሞላን ምን እናውቃለን? ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የአዋቂነት ፈተና



ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ነቀምት በከኒሳ ቀሴ በሚገኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የትምህርት ማስታወሻ እያባዛሁ ነበር። አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ ወጣት አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አየና «ወንድሜ፣ ስለ ሕግ ታውቃለህ?» አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። «ግድ የለም፣ ብቻ ስማኝ» ብሎ ታሪኩን ጀመረ።

ወጣቱ ባጃጅ ይነዳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኖ አላለፈም። በሁለት ዓመት ያጠራቀመውን 18,000 ብር፣ ከሱ ጋር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለተማረ ጓደኛው አበደረ። ገንዘቡን የሰጠው በእጁ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቆመው አይተዋል። ወረቀት አልተጻፈም። «ለጓደኛ እንዴት ወረቀት ይባላል?» ብሎ አፈረ። መመለሻው ቀን ሲደርስ ጓደኛው «የምን ብር?» አለው። አሁን ክስ ሊመሠርት ፈልጎ፣ ሁለቱን ምስክሮች ይዞ ማመልከቻ ሊያጽፍ መምጣቱ ነበር።

ማታ ዶርም ስገባ ነገሩን ለአንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን አወራሁት። ሳይጨርስልኝ ራሱን ነቀነቀ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ሁለት ቀርቶ አሥር ምስክር ቢቆም ብድሩን አያስረዳም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን እርስ በርሳችን የምንበዳደረው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በላይ ነው።

ያ ወጣት የፎቶሲንተሲስን ቀመር በእንግሊዝኛ በቃሉ ይወጣዋል፤ እየሳቀ ወጥቶልኛል። 12 ዓመት ትምህርት ቤት ሲመላለስ ግን «ገንዘብ ስታበድር ጻፍ» ያለው መምህር አልነበረም። የሚያሳፍረው ደግሞ እኔም፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ሌላ ሰው እስኪነግረኝ አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝን ጥያቄ ይዞ የመጣ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያዘጋጁን ለምንድን ነው? ለማንስ?

ትምህርት ቤቱ የተሠራው ለጥቂቶች ነው

መልሱን ቁጥሮቹ ይነግሩናል። ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች ብዛት እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ብቻ ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ማለፊያውን ያመጡት 27 ሺህ ያህል ናቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እርግጥ ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተወሰኑት በማካካሻ፣ ማለትም በሬሜዲያል ፕሮግራም በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከልም በዚያ በር የገባችሁ ትኖራላችሁ። ያም ተደምሮ ግን አብዛኛው ተፈታኝ ውጭ ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ያቋረጡ አሉ፤ እነሱ ከነጭራሹ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

አሁን ክፍሉን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። 60 ተማሪ ተቀምጧል። ከ60ው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ጥቂት ናቸው። የሚሰጠው ትምህርት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእነዚያ ጥቂቶች የታሰበ ነው። የቀሩት ለአራት ዓመት የተቀመጡት የሌላ ሰው ጉዞ መሰናዶ ላይ ነው። ሲወጡ በእጃቸው ያለው «አላለፍክም» የሚል ውጤት ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ባለ ሱቅ፣ ገበሬ፣ እናት፣ አባት፣ ስደተኛ ሆነው ለሚኖሩት ሕይወት የተሰጣቸው ነገር እምብዛም ነው።

እኛ ያለፍነውም ብንሆን የተሻለ አልተዘጋጀንም። አንደኛ ዓመት ስንገባ የወር ወጪያችንን በሳምንት የጨረስን፣ ስንታመም ብቻችንን ክሊኒክ መሄድ የፈራን፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለመጻፍ ሦስት ሰው ያማከርን ብዙዎች ነን።

እዚህ እንዴት ደረስን?

ሐሳቡ በሀገራችን አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ላይ በየጠቅላይ ግዛቱ የተከፈቱት «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርቱ ጎን ንግድ፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ሙያ ያስተምሩ ነበር። አባቶቻችን «የንግድ ተማሪ ነበርኩ፤ ታይፕና ሒሳብ አያያዝ ተምሬአለሁ» ሲሉ የምትሰሙት ከዚያ ነው። በደርግ ዘመንም ትምህርትን ከምርት ጋር ማገናኘት የመንግሥት መፈክር ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን በሌላ መንገድ ሊፈታው ሞከረ። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና አደረገ፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። በሰው ልብ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ነገር ተከለ፤ ሙያ የወደቀ ሰው ማረፊያ ሆኖ ታየ። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ቴክኒክ ሲደርሰው እንደ ሐዘን ቆጠረው። ያ ስሜት የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ በኋላም አልጠፋም።

ጀርመኖችን ብንመለከት፣ ወጣቱ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ድረስ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ቀን በፋብሪካ ወይም በሱቅ ከደመወዝ ጋር እየሠራ ይማራል። ሀገራችንም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናዋን በዚህ መንገድ ለማስኬድ ሞክራለች። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው እንደወደቀ አለመቆጠሩ ነው።

አሁን ያለነው በ6፣ 2፣ 4 አወቃቀር ውስጥ ነው። አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት፣ መካከለኛ 2 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ 4 ዓመት ማለት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርትን፣ ኢኮኖሚክስን፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን በ9ኛ ክፍል አስገብቷል፤ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ደግሞ ሙያ ነክ ትምህርቶች ተጨምረዋል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ሙያ በመጽሐፍ ብቻ ከተማሩት ሌላ የሚሸመደድ ምዕራፍ ይሆናል። ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት የኪቦርድ ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ መሳል ነው።

የወለጋ ልጅ ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። መምህሩ እየተረጎመ፣ ተማሪው እየገለበጠ አራት ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም አንድ ሙሉ ደብዳቤ አስተካክሎ መጻፍ የሚቸገር ልጅ ይወጣል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ደንበኞቻቸው ያልተማሩ አዛውንቶች ብቻ አይደሉም። 12ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶችም ተሰልፈው ታገኛላችሁ።

በዚህ ሁሉ ላይ ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የነበረው ግጭት አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ዓመታትን አጥተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የመጀመሪያው ማሻሻያ በሩን ከፍቶ ልጁን በሰላም ማስገባት ነው። ዓመታት ባክነውበት የሚመለስ ልጅ ግን ከማንም በላይ ጊዜው እንዲቆጠርለት ይፈልጋል። የተመለሰበት አንድ ዓመት ለሕይወቱ የሚሆን ነገር ካልሰጠው ሁለተኛ አይመለስም።

ዕድሜና ሩሽድ

በሀገራችን ሕግ ሰው አካለ መጠን የሚያደርሰው 18 ዓመት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ዋስ ይሆናል፣ ይመርጣል። የአንድ ሌሊት ልዩነት ነው። ትናንት ለሽርሽር ለመሄድ የወላጅ ፊርማ የሚጠየቅ ተማሪ፣ ዛሬ የፈረመው ወረቀት ለዓመታት ያስረዋል።

በዚህ ላይ ፉቀሃዎቻችን የተወያዩበት አንድ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። ሱረቱ ኒሳእ አያ 6 ስለ የቲሞች ገንዘብ ይናገራል። ገንዘቡ ለልጁ የሚሰጠው ለአቅመ ኒካሕ ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ ሩሽድ፣ ማለትም ገንዘቡን በማስተዋል የመያዝ ብቃት ሲታይበት ነው። ይህም እንዲታወቅ አስቀድሞ እንዲፈተን ታዟል። ፈተናው እንዴት ነው? የሻፊዒይና የሐንበሊ ፉቀሃዎች እንደየኑሮው ነው ይላሉ። የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ወጪና በሠራተኛ አያያዝ ይፈተናል። ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ይታያል፤ ቢሳሳት ስህተቱ ትንሽ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ደግሞ 25 ዓመት ከሞላው ከዚያ በላይ አይከለከልም ብለዋል።

እዚህ ውስጥ ለትምህርት ቤት የሚሆን ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው፣ ዕድሜና ብስለት እንደማይመጣጠኑ ታውቆ ብስለቱ እንዲለመድ ጊዜ መሰጠቱ ነው። ሁለተኛው፣ ፈተናው በእውነተኛ ነገር ላይ መሆኑ ነው። ልጁ ስለ ንግድ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ አይቀርብለትም፤ ይነግዳል። የእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአራት ዓመት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያስመረጠ ያቆየንና 18 ዓመት ሲሞላን ያለ አንዳች ልምምድ ወደ ትልቁ ገበያ ይለቀናል። ስህተታችን ያኔ ትልቅ ይሆናል። የዚያ ወጣት ስህተት ዋጋው 18,000 ብርና አንድ ጓደኛ ነበር።

ምን ቢጨመር?

አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር ማለቴ አይደለም። ተማሪው አሁንም ከ10 በላይ መጽሐፍ ተሸክሟል። ያሉት ትምህርቶች ራሳቸው ለዚህ ሊያገለግሉ ይችላሉ። አምስት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛ፣ ወረቀት። የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ላይ ድርሰት ከመጻፍ ጎን የብድር ውል፣ የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በሦስቱም ቋንቋ። የብድር ውል ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሁለቱ ስም፣ የገንዘቡ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ፊርማና ምስክሮች። ብድርን ከነቀነ ገደቡ መጻፍ በሱረቱል በቀራ አያ 282፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የታዘዘ ነገር ስለሆነ «ለጓደኛ ወረቀት ማለት ነውር ነው» የሚለው እፍረት ለእኛ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዋስትናም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ወረቀት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚፈልገው ያ ቁጥር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። የሒሳብ መምህር የመቶኛ ስሌትን በሚያስተምርበት ቀን የባንክ ብድርን ሊያስተምር ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። ከእኛ መካከል ስንቱ ሙራባሃ ከብድር በምን እንደሚለይ ያስረዳል? በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ ይሸጥላችኋል፤ የተስማማችሁበት ዋጋ ቀን በዘገየ ቁጥር አያድግም። ይህን የማያውቅ ሰው የባንኩን ስም ብቻ አይቶ ይፈርማል። የጊምቢ ልጅ ደግሞ ሬሾን በቡና ይማር። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና ያስፈልጋል። እሸቱን ዛሬ ልሽጥ ወይስ አድርቄ ጀንፈል ልሽጥ የሚለው የቤተሰቡ ጥያቄ ነው። በሰሌዳው ላይ ቢሠራው ማታ ለአባቱ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ሥራ። የዜግነት ትምህርት ስለ መብትና ግዴታ ሲያስተምር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይክፈት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ውል አንብቦ መረዳት ከምንም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቹ ይህን ትምህርት ሊያገኙ የሚችሉበት የመጨረሻ ቦታ 9ኛና 10ኛ ክፍል ነው።

አራተኛ፣ ጤና። ወለጋ የወባ አገር ነው። ተማሪው የፕላዝሞዲየምን የሕይወት ዑደት ሥሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ታናሽ ወንድሙ ሲታመም ግን ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ስለበረደ የቀረውን ኮአርተም ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ተወስዶ ማለቅ እንዳለበት፣ ቢተው ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ካልተነገረው የት ይሰማዋል?

አምስተኛ፣ ኃላፊነት። ይህ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የቀደሙት አራቱ በቃል ሊሸመደዱ ይችላሉ። በየትምህርት ቤቱ ክበባት፣ የተማሪዎች ፓርላማ፣ ሚኒ ሚዲያ አሉ። በአብዛኛው ግን ሰነድ ለማሟላት የቆሙ ናቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ሣሩ ይሸጣል፣ ባሕር ዛፉ ይሸጣል፣ መሬቱ ለበቆሎ ይከራያል። ከዚያ መሬት ጥቂቱ ለግብርና ክበቡ ቢሰጥስ? ተማሪዎቹ ዘሩን ይግዙ፣ ደረሰኝ ይያዙ፣ ያርሙ፣ ይሽጡ፣ ሒሳቡን በሰልፍ ላይ ቆመው ለተማሪው ያቅርቡ። ገንዘብ ያዥ የሆነችው ልጅ 300 ብር ብትጎድልባት በ16 ዓመቷ፣ መምህሯ አጠገቧ ቆሞ፣ ስህተቷን ትፈልጋለች። ፉቀሃዎቹ ትንሽ ገንዘብ ሰጥታችሁ እዩ ያሉት ይህንኑ ነው።

«ጊዜው የት አለ?»

ይህን ሐሳብ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳነሳላቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ መጽሐፉን እንኳ መጨረስ አልቻልንም፤ ሰው የሚጠይቀን ስንት አሳለፋችሁ ብሎ ነው» አሉኝ። ተገቢ መልስ ነው። በትርፍ ሰዓት ሌላ ሥራ እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር መምህር ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤት የሚመዘነው ባሳለፈው ቁጥር ብቻ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ርእሰ መምህር የበቆሎ ሒሳብ ላይ ጊዜ አያጠፋም።

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ለፈተና ብቻ ስናስተምር ውጤቱ ከላይ የተዘረዘሩት ቁጥሮች ናቸው። ፈተናውንም አላለፍንም፣ ሕይወቱንም አላወቅንም። መቶኛን በእናቱ የቡና ሽያጭ የተማረ ልጅ ፈተና ላይ ስለ መቶኛ ሲጠየቅ ይጎዳል ብዬ አላምንም። ሁለት ገጽ ማመልከቻ በራሱ እንግሊዝኛ የጻፈ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተናው ይከብደዋል ብዬም አልገምትም።

ሌላው ተቃውሞ «ይህማ የወላጅ ሥራ ነው» የሚል ነው። ወላጆቻችን አደብን፣ ሐላልና ሐራምን፣ ሥራ መውደድን አስተምረውናል፤ አላህ ይስጥልን። የአባቴ ዘመን ውል ግን በሽማግሌ ፊት የሚሰጥ ቃል ነበር። የሥራ ቅጥር ውል፣ የባንክ ቅጽ፣ በስልክ የሚላክ ገንዘብ እሱ አላየውም። ያላየውን ሊያስተምረኝ አይችልም። ትምህርት ቤት የተፈለገውም ለዚህ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሥርዓተ ትምህርት መቀየር በእጃችን አይደለም። ክረምቱ ግን በእጃችን ነው። በየዓመቱ ብዙዎቻችን ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ አርጆ፣ ወደ ሌላም ክልል እንመለሳለን። በየከተማችን ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የማጠናከሪያ ትምህርት የምንሰጥም አለን። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ትኩረታችን ሁሉ ሊያልፉ በሚችሉት ላይ ነው፤ እኛም ሳናውቀው ያንኑ ለጥቂቶች የተሠራ ትምህርት ቤት እየደገምን ነው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት በሳምንት አንድ ሰዓት እንጨምር። በመጀመሪያው ሳምንት የብድር ውልና ማመልከቻ መጻፍ፤ የሕግ ተማሪዎቻችን ይምሩት። በሁለተኛው የገንዘብ አያያዝና ባንክ፤ የአካውንቲንግ ተማሪዎች። በሦስተኛው የሥራ ውልና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ። በአራተኛው ወባና የመጀመሪያ ርዳታ፤ የጤና ተማሪዎች። ተማሪው እጁን አጣጥፎ የሚሰማበት አይሁን፤ ራሱ ጽፎ፣ አስልቶ የሚወጣበት ይሁን። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ካደረግነው ለሁሉም ተማሪ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ክፍት ይሁን። ትምህርት ቤት የጋራ ቤት ነው፤ የብድር ውልም ሃይማኖት አይለይም። ያቋረጡትንም እንጥራ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸውና።

ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። የባጃጁን ወጣት ግን ልጨርስላችሁ። ክሱን ትቶ ነገሩን ወደ ሽማግሌ ወሰደው። ጃርሶሊው ሁለቱንም አስቀምጠው ሲጠይቁ ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ ብሩን መውሰዱን አመነ። በየወሩ 1,500 ብር ሊመልስ ተስማማ። አንደኛው ሽማግሌ ቡራኬ ሰጥተው ሊነሡ ሲሉ ወጣቱ «አባቴ፣ ይቅርታ፣ አንዴ» ብሎ ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ። ጓደኛው ፈረመ፤ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ።

በሌላ ቀን ሳገኘው «ወረቀቱን ስንጽፍ ይጣላኛል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እንባባላለን» አለኝ። ይህን ለመማር 20 ዓመትና 18,000 ብር ባልጠየቀ ነበር።